በጤና ጣቢያ ተመላላሽ ክፍል የሳምንት አንድ ሰዓት ትምህርት እንዴት ይጀመራል?

የጤና ባለሙያው ሥልጠና ሄዶ ይመለሳል። ሰርተፍኬቱ ፋይል ውስጥ ይገባል። ሰኞ ጠዋት ኦፒዲ (ተመላላሽ ክፍል) ሲገባ በር ላይ ሰው ተደርድሮ ይጠብቀዋል፤ የሚሠራውም እንደ በፊቱ ነው። ይህ ስንፍና አይደለም። አዳራሽ ውስጥ የሰማው ነገር ከራሱ ክፍል፣ ከራሱ ካርድና ፋርማሲው ውስጥ ካለው መድኃኒት ጋር አልተገናኘም። በ1999 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ግምገማ፣ ተቀምጦ ሌክቸር መስማት ብቻውን የሐኪሞችን አሠራር እንደማይለውጥ አሳይቷል። ተሳታፊው የሚናገርበትና እጁን የሚያለማምድበት ትምህርት ግን ለውጥ ያመጣል።

ስለዚህ ከራሳችሁ ካርድ ተነሥታችሁ፣ በራሳችሁ ግቢ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ብትማሩ ይሻላል እላለሁ። በጀት አይፈልግም። የሚፈልገው አንድ አስተባባሪ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ጋይድላይን (የሕክምና መመሪያ) እና ጽናት ነው። ጤና መኮንን፣ ነርስ ወይም ጠቅላላ ሐኪም ሆናችሁ በተመላላሽ ክፍል የምትሠሩ ከሆነ፣ አካሄዱ እንዲህ ነው።

1. መጀመሪያ ሰዓቱን አስከብሩ

ከርዕስ በፊት ሰዓት ይቅደም። የጤና ጣቢያውን ኃላፊ አነጋግሩና ቀኑን አብራችሁ ወስኑ። የገበያ ቀን አይሆንም፤ የገጠሩ ሰው ገበያ ሲወጣ ነው ለሕክምናም የሚመጣው። የክትባት ቀንና ሥር የሰደደ ሕመም ክትትል ቀንም አይሆንም። ብዙ ቦታ ከሰዓት በኋላ ተገልጋይ ይቀንሳል። ሬጅስተሩን (የሕመምተኞች መዝገቡን) ገልጣችሁ በየትኛው ቀን ስንት ሰው እንደታየ ቁጠሩ፤ ትንሹ ቀን ራሱ ይታያችኋል።

ሰዓቱ በሥራ ሰዓት ውስጥ ይሁን። በምሳ ሰዓት ወይም ከሥራ ሰዓት በኋላ የተያዘ ትምህርት ሁለት ሳምንት ይሄድና ይሞታል። አንድ ባለሙያ ለድንገተኛ ሕመምተኛ ኦፒዲ ይቅር፤ ተራውም በየሳምንቱ ይዙር። ትሪያጅ (ሕመምተኛ መጀመሪያ የሚለይበት ቦታ) እና ካርድ ክፍል ቀደም ብለው ይወቁት፤ አለዚያ በር የሚያንኳኳው አያቆምም።

የላብራቶሪና የፋርማሲ ባልደረቦቻችሁንም ጥሩ። ኦፒዲ ውስጥ "ለተራ ጉንፋን አሞክሳሲሊን አንጽፍም" ብላችሁ ብትወስኑ፣ ሕመምተኛው ተቆጥቶ የሚሄደው ወደ ፋርማሲው መስኮት ነው። እዚያ ያለው ሰው ውሳኔውን ካልሰማ በአንድ ቃል ያፈርሰዋል።

ስለ አበል በግልጽ እንነጋገር። ደመወዝ በማይበቃበት አገር ሥልጠና ሲባል ስለ አበል መጠየቅ ነውር አይደለም። በሳምንት አንድ ሰዓት በገዛ መሥሪያ ቤት የሚደረግ ትምህርት ግን አበል አይከፈልበትም፤ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ተናገሩ። በምትኩ ሰዓቱን ከሰው የግል ጊዜ አትውሰዱ፣ ቡና ይፈላ፣ የሚማሩትም ነገ ጠዋት የሚያስፈልጋቸውን ይሁን።

2. ርዕሱን ከሬጅስተሩ አውጡ

"ምን መማር ትፈልጋላችሁ?" ብላችሁ ብትጠይቁ ሰው የሚመርጠው የሚወደውን ወይም አዲስ የሚመስለውን ነው። የሚያስፈልገው ግን በየቀኑ የሚያየውና እርግጠኛ ያልሆነበት ነገር ነው። ያለፈውን ወር የኦፒዲ ሬጅስተር ገልጣችሁ በጣም የበዙትን አሥር ምርመራዎች ጻፉ። የላይኛው መተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን፣ ተቅማጥ፣ የጨጓራ ሕመም፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ደም ግፊት፣ በቆላ አካባቢ ወባ፦ ዝርዝሩ ከቦታ ቦታ ቢለያይም ያልጠበቃችሁት አንድ ነገር አይጠፋበትም።

ከአሥሩ አንዱን ምረጡ። መለኪያው ሁለት ነው፤ ብዙ ሰው የሚታመምበት ይሁን፤ አሠራራችሁም ከጋይድላይኑ ጋር የማይገጥምበት ይሁን። ብርቅ በሽታን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። በዓመት አንድ ሰው ከሚመጣበት በሽታ ይልቅ በሳምንት አሥር ሰው የሚመጣበትን ማሻሻል ይበልጣል።

3. ሃያ ካርድ አውጡ

የዚህ ሥራ ልብ እዚህ ላይ ነው፤ አትዝለሉት።

ርዕሱ ደም ግፊት ነው እንበል። ካርድ ክፍል ሂዱና ባለፉት ሦስት ወራት ለግፊት ከታዩ ሰዎች ሃያ ካርድ አስወጡ። አትምረጡ፤ በሬጅስተሩ ተራ እየቆጠራችሁ አምስተኛውን፣ አሥረኛውን፣ አሥራ አምስተኛውን ውሰዱ። ከዚያ በአንድ ወረቀት ላይ አራት ጥያቄ ጻፉ፦

- ግፊቱ በዚያ ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ተለክቷል?
- የስኳር ምርመራ ተደርጓል?
- የሚወስደው መድኃኒት ስምና መጠኑ ተጽፏል?
- ቀጠሮ ተሰጥቷል?

ለእያንዳንዱ ካርድ "አዎ" ወይም "የለም" በሉ። "በከፊል" የሚባል የለም። ካልተጻፈ እንዳልተሠራ ቁጠሩት፤ ቀጥሎ የሚያየው ባለሙያ ካርዱን እንጂ የእናንተን ልብ ማንበብ አይችልም። የሕመምተኛ ስምም ሆነ የባለሙያ ፊርማ ወደ ወረቀቱ አይገልበጥ። የሚወጣው ድምር ብቻ ነው። ይህን ካልጠበቃችሁ ትምህርቱ ወደ ግምገማ ይለወጥና ሰው በሚቀጥለው ሳምንት አይመጣም። ልክም ነው።

ካርዶቹ እጃችሁ ላይ እያሉ አንድ ተጨማሪ ነገር እዩልኝ። የግፊት ቁጥሮቹ በምን ያልቃሉ? ባለመርፌው መለኪያ የተሰመረው በሁለት በሁለት ነው። ስለዚህ በትክክል የተነበበ ግፊት መጨረሻው 0፣ 2፣ 4፣ 6 ወይም 8 ይሆናል፤ በ0 የሚያልቀው ከአምስት አንድ ገደማ ነው። በሃያ ካርድ ላይ የላይኛው ቁጥር አራት ጊዜ ያህል በ0 ቢያልቅ ደንብ ነው። አሥራ ሰባት ጊዜ "120"፣ "130"፣ "140" ካያችሁ ግን ቁጥሩ እየተነበበ ሳይሆን እየተጠጋጋ ነው። ጉዳቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የግፊት ምርመራ ድንበር 140/90 ነው። ግፊቱ 136 የሆነ ሰው 140 ተብሎ ቢጻፍለት ዕድሜ ልኩን መድኃኒት ሊጀምር ይችላል። መድኃኒት እየወሰደ 144 የሆነው ደግሞ 140 ተብሎ "ጥሩ ነው" ይባልና ወደ ቤቱ ይላካል።

እንዲህ ያለውን ነገር የትም አዳራሽ ውስጥ አታገኙትም። የእናንተ ካርድ ላይ ብቻ ነው ያለው።

4. አንድ ገጽ አዘጋጁ

ፓወር ፖይንት አያስፈልግም። መብራት ቢጠፋም የማይቋረጥ ትምህርት ይሁን። አዘጋጁ ሦስት ነገር ይዞ ይገባል፦ የሃያውን ካርድ ድምር፣ አንድ ኬዝ (የአንድ ሕመምተኛ ታሪክ)፣ የጋይድላይኑን ገጽ።

ጋይድላይን ስል ጤና ሚኒስቴር ለጤና ጣቢያ ያዘጋጀውን የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤ ክሊኒካል ጋይድላይን ማለቴ ነው። መሠረቱ በደቡብ አፍሪካ በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው ፓክ የሚባለው መሣሪያ ሲሆን ለኢትዮጵያ እንዲስማማ ተደርጎ ተሠርቷል። የሚጀምረው ከበሽታ ስም ሳይሆን ሕመምተኛው ይዞት ከሚመጣው ምልክት ነው፦ ሳል፣ ራስ ምታት፣ የሆድ ሕመም። አስቸኳይ የሆነው ተለይቶ ከላይ ተቀምጧል። ከጅምሩም የታሰበው ባለሙያዎች በሥራ ቦታቸው፣ በአጫጭር ክፍለ ጊዜ፣ ኬዝ እየሠሩ እንዲለማመዱት ነው። ብዙ ጤና ጣቢያ ውስጥ መጽሐፉ አለ። ቁልፍ ያለው መሳቢያ ውስጥ ከሆነ አስወጡትና ጠረጴዛ ላይ አድርጉት።

ኬዙ አጭር ይሁን፤ ግን የሰው ሽታ ይኑረው። ለምሳሌ፦

"የ52 ዓመት ሴት ናቸው። ራሴን እያመመኝ ነው ብለው መጡ። ትሪያጅ ላይ ግፊታቸው 158/96 ነው። ከታክሲ ወርደው ዳገቱን በፍጥነት ወጥተው ነው የደረሱት። ለጉልበታቸው ከሰፈር ፋርማሲ ዳይክሎፌናክ እየገዙ ይወስዳሉ። ከዚህ በፊት ግፊት አለብዎ የተባሉበት ጊዜ የለም።"

በአንድ ኬዝ ውስጥ ስንት ነገር እንዳለ ተመልከቱ። ሳያርፉ መለካት፣ ግፊት ከፍ የሚያደርግ የሕመም ማስታገሻ፣ በአንድ ቀን ልኬት ብቻ "ግፊት አለብዎ" ማለት። ጥያቄዎቹም ሥራ ሥራ የሚሸቱ ይሁኑ፦ አሁን የመጀመሪያ እርምጃችሁ ምንድን ነው? ምን ትጠይቋቸዋላችሁ? ካርዱ ላይ ምን ትጽፋላችሁ? መቼ ትቀጥሯቸዋላችሁ? "የግፊትን ዓይነቶች ዘርዝር" የሚል ጥያቄ የትምህርት ቤት ፈተና ነው፤ ኦፒዲ ውስጥ አይሠራም።

5. ሰዓቱን እንዲህ ምሩት

የመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ላለፈው ሳምንት ትምህርት ነው። መጽሐፍ ሳይገለጥ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ራሱን እየፈተነ እንዳሳየው፣ የተማርነውን መጀመሪያዎቹ ቀናት ውስጥ በፍጥነት እንረሳለን፤ ቀናት እያለፉ ደጋግመን ስናስታውሰው ግን ይቆያል። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ጥናቶችም መልሶ ከማንበብ ይልቅ ከራስ ላይ ለማውጣት መሞከር እንደሚያጸና አሳይተዋል። ስለዚህ ይህቺ አምስት ደቂቃ ትርፍ አይደለችም።

ከዚያ ኬዙን አንብቡና ሁሉም ሰው መልሱን በቁራጭ ወረቀት ላይ ስም ሳይጽፍ ይጻፍ። ለምን ወረቀት? በእኛ አገር ይሉኝታ አለ። ዶክተሩ ወይም ሲኒየሩ ጤና መኮንን ቀድሞ ከተናገረ የቀረው ሰው "እሱ እንዳለው ነው" ይላል፤ ማን ምን እንደማያውቅ አይታወቅም። ወረቀቶቹ ተሰብስበው ጮክ ተብለው ሲነበቡ ግን ልዩነቱ ይወጣል። "እዚህ ክፍል ውስጥ ያለን ሰዎች ለአንዲት እናት አራት ዓይነት ቀጠሮ ሰጠን" የሚለው ግኝት ከማንኛውም ሌክቸር ይበልጣል። ውይይቱም ከጁኒየሩ ይጀምር፤ ሲኒየሩ መጨረሻ ላይ ይናገር። ይህን ደንብ ሲኒየሩ ራሱ ቢያስታውቅ ይበልጥ ያምራል።

ቀጥሎ ጋይድላይኑ ይገለጥ። አዘጋጁ አያንብብ፤ ሰዎቹ ራሳቸው ገጹን ፈልገው መልሱን ያውጡ። ገጽ ማግኘት ራሱ ልምምድ ይፈልጋል። ሕመምተኛ ፊት ለፊት ተቀምጦ መጽሐፍ መግለጥ የሚያሳፍራቸው ባልደረቦች አሉ። "የእርስዎን ጉዳይ በትክክል እንድሠራው አንድ ነገር ላረጋግጥ" ብላችሁ ንገሯቸው፤ አብዛኛው ሰው ደስ ይለዋል።

ከዚያ እጅ ይንቀሳቀስ። ለግፊት ርዕስ ሁለት ሁለት ሁናችሁ እርስ በርሳችሁ ተለካኩ። ሌላው ያይና ይቆጥራል፦ አምስት ደቂቃ ተቀምጦ አረፈ? ጀርባው ተደገፈ? እግሩ መሬት ረገጠ ወይስ ተጠላልፏል? ክንዱ በልብ ቁመት ላይ ነው? ካፉ (ክንድ ላይ የሚጠመጠመው) በባዶ ክንድ ላይ ነው ወይስ በሹራብ ላይ? ካፉ ለክንዱ ይበቃል? በወፍራም ክንድ ላይ ጠባብ ካፍ ግፊቱን ከእውነቱ በላይ ያሳያል። ሲለካ ዝም ተብሏል? ማውራት ብቻውን ግፊቱን አሥር ገደማ ሊጨምር ይችላል። ብዙዎቻችን ደግሞ ካፉን እየነፋን ነው "መቼ ጀመረዎት?" የምንለው። ሁለተኛው ልኬት ቢያንስ አንድ ደቂቃ ቆይቶ ይሁን።

ይህን ክፍል አታሳጥሩ። ጆርጅ ሚለር የተባሉ አሜሪካዊ የሕክምና ትምህርት ሊቅ በ1990 እ.ኤ.አ. ችሎታን በአራት ደረጃ ከፍለውት ነበር፦ ማወቅ፣ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ፣ ሠርቶ ማሳየት፣ በዕለት ሥራ ላይ መፈጸም። የጽሑፍ ፈተና የሚይዘው የታችኞቹን ሁለቱን ነው። ሕመምተኛው የሚያገኘው የላይኛውን ብቻ ነው።

በመጨረሻ የሃያውን ካርድ ድምር አሳዩ። "ከሃያው በአራቱ ላይ ብቻ ነው ግፊት ሁለት ጊዜ የተለካው" በሉና ዝም በሉ። ሰው ራሱ ምክንያቱን ያወጣዋል፦ ካፉ አንድ ብቻ ነው፣ ትሪያጅ ላይ ወንበር የለም፣ ሕመምተኛ ይጣደፋል። ብዙ ጊዜ ችግሩ የዕውቀት አለመሆኑ እዚህ ላይ ይገለጣል።

6. አንድ ነገር ብቻ ለውጡ

ከክፍሉ ከመውጣታችሁ በፊት ከነገ ጠዋት ጀምሮ የሚለወጥ አንድ ነገር ወስኑ። ሁለት አይደለም። "ትሪያጅ ላይ ጀርባ ያለው ወንበር ይቀመጥ፤ 140/90ና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ አምስት ደቂቃ አርፎ ኦፒዲ ውስጥ እንደገና ይለካ።" ማን ያደርገዋል፣ እስከ መቼ፣ የሚለው ይጻፍና ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። "ባለሙያዎች ትኩረት እንዲሰጡ" የሚል ውሳኔ ከሆነ ምንም አልወሰናችሁም።

ዕቃ የሚያስፈልግ ከሆነ ለኃላፊው በድምሩ አስደግፋችሁ ጠይቁ። "ካፍ ያስፈልገናል" ከማለት "ካፍ አንድ በመሆኑ ከሃያ ሰው አሥራ ስድስቱን ደግመን አልለካንም" ማለት በበጀት ስብሰባ ላይ ክብደት አለው።

7. በሁለት ሕመምተኛ መካከል ያለውን አምስት ደቂቃ ተጠቀሙበት

የሳምንቱ ሰዓት ብቻውን አይበቃም። ጀማሪ ባልደረባ ሊያማክራችሁ በመጣ ቁጥር ትምህርት አለ። የቤተሰብ ሕክምና መምህራን በ1992 እ.ኤ.አ. ያወጡት ባለ አምስት እርምጃ ዘዴ ለእኛ ኦፒዲ በደንብ ይሆናል። አቋም እንዲይዝ ማድረግ፣ ምክንያቱን መጠየቅ፣ አንድ አጠቃላይ ደንብ ማስተማር፣ ደህና የሠራውን መንገር፣ የጎደለውን ማረም። በተግባር እንዲህ ይመስላል፦

"ጋሼ፣ አንድ ልጅ ያዩልኝ? ሦስት ቀን አስሎታል።"

"እሺ ሲስተር። አንቺ ምን ይመስልሻል?"

"የሳንባ ምች ይመስለኛል።"

"ምን አይተሽ?"

"በደቂቃ 44 ጊዜ ይተነፍሳል። ደረቱ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ጡትም ይጠባል፤ አላንቀጠቀጠውም። አንድ ዓመት ከሁለት ወሩ ነው።"

"ጎበዝ። ዕድሜውን አብረሽ ማንሳትሽ ልክ ነው። ከ2 ወር እስከ 11 ወር ከሆነ 50ና ከዚያ በላይ ነው ፈጣን የሚባለው፤ ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት ደግሞ 40ና ከዚያ በላይ። ይህ ልጅ አሥር ወር ቢሆን ኖሮ 44 ፈጣን አይደለም። ሙሉ ደቂቃ ቆጠርሽ ወይስ ሠላሳ ሰከንድ?"

"ሙሉ ደቂቃ፣ እናቱ አቅፋው ተረጋግቶ።"

"እንደሱ ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶሻል። እናቱ ከቀጠሮ በፊት መቼ መመለስ እንዳለባት ንገሪያት፤ መጠጣት ወይም መጥባት ሲያቅተው፣ ሲብስበት፣ ትንፋሹ ሲከብደው። ከዚያ መልሳ ትንገርሽ።"

አልቋል። ሲኒየሩ ቀድሞ "አሞክሳሲሊን ስጪው" ቢል ኖሮ ልጁ መድኃኒቱን ያገኝ ነበር፤ ነርሷ ግን ነገም ትመጣለች። "ምን ይመስልሻል?" የሚለው ጥያቄ ነው ሥራውን የሠራው። አደራ፣ ይህን ሕመምተኛው ፊት ስታደርጉ ማረሚያውን ለብቻ አቆዩት፤ አስቸኳይ ስሕተት ካልሆነ በስተቀር።

8. ከስድስት ሳምንት በኋላ እንደገና ቁጠሩ

ያንኑ አራት ጥያቄ ይዛችሁ አዲስ ሃያ ካርድ አውጡ። ቁጥሩን ከድሮው ጎን ለጎን አድርጋችሁ ለጥፉት።

የአሠራር ቆጠራና ግብረ መልስ ላይ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚገመግም ድርጅት) ግምገማ 140 ጥናቶችን አይቶ መካከለኛው ለውጥ 4.3 በመቶ ነጥብ ገደማ መሆኑን አግኝቷል። ትንሽ ነው፤ ተአምር አትጠብቁ። ግምገማው መቼ የበለጠ እንደሚሠራም ተናግሯል፦ መነሻው ዝቅ ያለ ሲሆን፣ ግብረ መልሱ ከአለቃ ወይም ከሥራ ባልደረባ ሲመጣ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ሲሰጥ፣ በቃልም በጽሑፍም ሲሆን፣ ግልጽ ግብና የሥራ ዕቅድ ሲኖረው። እናንተ ሁሉንም ማድረግ ትችላላችሁ። ስለዚህ "ከሃያ አራት ነበር፤ በቀጣዩ ቆጠራ አሥራ ሁለት እናድርሰው" ብላችሁ ግብ ያዙ።

ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ ሰውን አትውቀሱ። ትሪያጅ ላይ ግማሽ ቀን ቁሙና እዩ። ወንበሩ ምናልባት ወደ ሌላ ክፍል ተወስዶ ይሆናል።

ለአንድ ርዕስ ስድስት ሳምንት ስጡ ማለት ስድስት ሳምንት ስለ ግፊት ብቻ ተናገሩ ማለት አይደለም። በመካከሉ ላብራቶሪው ስለ ወባ ፈጣን ምርመራ አንድ ሰዓት ይያዝ፤ ፋርማሲው ስለተተካካ መድኃኒት ይያዝ፤ ከሪፈር የተመለሰ አንድ ኬዝ ይታይ። የሪፈር መልስ ወረቀት ብዙ ጊዜ አይመጣም። ሆስፒታሉ ውስጥ የምታውቁት ሰው ካለ ስልክ ደውላችሁ "የላክናቸው እናት ምን ሆኑ?" ብላችሁ ጠይቁ። ከላኩት ሰው መጨረሻ የሚገኘውን ትምህርት የሚተካ የለም።

9. ሰዓቱ ለፈቃድ እድሳት እንዲቆጠር

በኢትዮጵያ የሙያ ፈቃድ እድሳት ከተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ወይም ሲፒዲ ጋር ተያይዟል። የሚቆጠረው ዕውቅና ባለው ሰጪ ተቋም በኩል የተሰጠው ነው። ስለዚህ ትምህርቱን ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ቦታ ሂዱ። አንደኛው ፈቃዳችሁን የሚያድሰው ቢሮ ነው፤ በእናንተ ሙያ ስንት ነጥብ እንደሚፈለግና የትኛው ዓይነት ተግባር እንደሚቆጠር በጽሑፍ ጠይቁ። ሁለተኛው በአቅራቢያችሁ ያለ ዕውቅና ያለው ሲፒዲ ሰጪ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ወይም ሆስፒታል ሊሆን ይችላል። ፕሮግራማችሁን በእነሱ ሥር ለማስመዝገብ የሚቻልበትን መንገድ ተነጋገሩ።

መልሱ ምንም ይሁን ምን፣ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ መዝግቡ፤ ቀን፣ ርዕስ፣ ዓላማ፣ አቅራቢ፣ የተሳታፊ ፊርማ፣ የተወሰነው ለውጥ፣ የሁለቱ ቆጠራ ውጤት። እድሳት በደረሰ ጊዜ በጥድፊያ ነጥብ ከሚያሳድድ ሰው እንድትለዩ ያደርጋችኋል። ኢንተርኔት ላይ ያሉ ኮርሶችንም ውሰዱ፤ ግን ከመጀመራችሁ በፊት ሰርተፍኬቱ ተቀባይነት እንዳለው አረጋግጡ።

ብቻውን የሚሠራ ሰውስ?

ትንሽ የግል ክሊኒክ ውስጥ ብቻችሁን የምትሠሩ ከሆነ ሦስት አራት የምታምኗቸውን ባልደረቦች ይዛችሁ የቴሌግራም ግሩፕ ክፈቱ። በሳምንት አንድ ሰው አንድ ኬዝ ያቀርባል፤ መልስ የሚሰጠው የጋይድላይን ገጽ ጠቅሶ ነው። ደንቡ ጥብቅ ይሁን፦ ስም የለም፣ ፊት የለም፣ የካርድ ቁጥር የለም፣ ሰፈር የለም። ቁስል ፎቶ የሚነሣው ሕመምተኛው ተጠይቆ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ከሌላ ግሩፕ የተላከ "አዲስ ሕክምና" ምንጩ ሳይታወቅ አይለጠፍ። የመድኃኒት ኩባንያ ወኪል የሚያመጣው ወረቀትም የማስታወቂያ ወረቀት ነው፤ ጋይድላይን አይተካም።

በርቀት በኬዝ መማር አዲስ ነገር አይደለም። ዶክተር ሳንጂቭ አሮራ በ2003 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ፕሮጀክት ኤኮን የጀመሩት፣ የሄፓታይተስ ሲ ሕመምተኞች ስፔሻሊስት ፍለጋ ሩቅ መንገድ እንዳይጓዙ ብለው ነው። የገጠር ባለሙያዎች በቪዲዮ ኬዛቸውን ያቀርባሉ፤ ከስፔሻሊስቱም እርስ በርሳቸውም ይማራሉ። ኢንተርኔታችሁ ለቪዲዮ ካልበቃ የድምፅ መልእክትም ይሠራል።

ካርዶቻችሁን ብቻችሁንም መቁጠር ትችላላችሁ። በወር አንድ ቀን፣ አሥር ካርድ፣ ሁለት ጥያቄ። ቁጥሩን ግን ለአንድ ሰው አሳዩ። ማንም የማያየው ቁጥር በሁለተኛው ወር ይቆማል።

10. ሥራው ከእናንተ ጋር አይሂድ

ጤና ጣቢያ ውስጥ ሰው ይዘዋወራል። አስተባባሪው ሲቀየር ትምህርቱም አብሮ ይጠፋል። ይህን ለመከላከል ከመጀመሪያው ወር ምክትል ይኑራችሁ፤ አቅራቢነቱም በተራ ይዙር እንጂ በአንድ ጎበዝ ሰው ላይ አይውደቅ። ኬዞቹ፣ የካርድ ቆጠራ ቅጾቹ፣ የውሳኔዎቹ ዝርዝርና የፊርማ ወረቀቶቹ በአንድ ቦክስ ፋይል ይቀመጡ። ፋይሉ በማንም የግል ላፕቶፕ ውስጥ አይሁን፤ ኦፒዲ መደርደሪያ ላይ፣ ከጋይድላይኑ አጠገብ ይሁን። አዲስ ባለሙያ ሲመደብ በመጀመሪያው ሳምንት ያንብበው፤ በሦስተኛው ወር አንድ ኬዝ ያቅርብ። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ለድጋፋዊ ክትትል ሲመጣም ያንን ፋይል አውጡላቸውና ቀጣዩን ሃያ ካርድ አብረዋችሁ እንዲቆጥሩ ጋብዟቸው።